ሰሙ ዝንብ፣ ወርቁ መንጠቆ

ማታለል የእጅ ጥበብ ሲታከልበት ነውርነቱ ይቀራልን? ጥያቄው ዘወትር የሚነሣው ስለ ንግድ፣ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ኪነት ሲወራ ነው። ነገር ግን አንድ አጥማጅ፣ አንድ ዓሣና አንዲት ዝንብ ብቻ ባሉበት ሥፍራ ይበልጥ ጠርቶ ይታያል።

በእንግሊዝና በአየርላንድ ሐይቆች ዳርቻ፣ ከነሐሴ አጋማሽ አንሥቶ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ፣ ስድስት ረጃጅም ቀጫጭን እግሮች ያሏት ዝንብ ከመስኩ ትወጣለች። በትልነት ዘመኗ ከመሬት ውስጥ የሣር ሥር ስትበላ የኖረች ናት፤ ክንፍ ካወጣች በኋላ ግን ዕድሜዋ የቀናት ነው። በረራዋ ደካማ ስለሆነ ነፋስ እያንገላታ ከውሃው ላይ ይጥላታል። እግሮቿን እየጎተተች በውሃው ገጽ ላይ ስትንፈራገጥ ትራውት የተባለው ዓሣ ከሥር ወጥቶ ይውጣታል። (ይህ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በወይብ ወንዝ ጭምር የተለቀቀ በመሆኑ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።)

አጥማጁ ይህችን ዝንብ አስመስሎ ይሠራል። በመንጠቆው ግንድ ላይ እንዳይሰጥም የአጋዘን ጠጉር ወይም ስፖንጅ መሰል ነገር በክር ያስራል፤ ለክንፏ የአውራ ዶሮ ላባ ይመርጣል። እግሮቿን የሚሠራው ፌዛንት ከሚባል ወፍ ጅራት በመዘዛቸው የላባ ጭረቶች ነው፤ እያንዳንዱንም ጭረት በመካከሉ ይቋጥረዋል። ቋጠሮው ጉልበቷ መሆኑ ነው። ለዝንብ ጉልበት እስከ መሥራት የደረሰ ጥንቃቄ ከማናቸውም ቀራፂ ትጋት አያንስም።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ኤሊያን፣ የመቄዶንያ አጥማጆች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው ላባ ያስሩ እንደነበር ጽፏል። ምክንያታቸውም እውነተኛዋ ዝንብ የሰው እጅ ሲነካት ቀለሟ ስለሚጠፋ ነው። አምሳያው የተወለደው እንግዲህ እውነተኛዋ እጅን መቋቋም ስላልቻለች ነው።

ከዚህ የሚበልጥ እንቆቅልሽ ግን አለ። በምዕራብ አየርላንድ በኮሪብና በማስክ ሐይቆች ሕያዋን ዝንቦችን በመንጠቆ ሰክቶ በነፋስ እያንሳፈፉ ማጥመድ የቆየ ልማድ ነው። በብዙ ሌሎች ውሃዎች ደግሞ የሚፈቀደው ሰው ሠራሹ ብቻ ነው። እውነተኛዋ ዝንብ ተከልክላ ሐሰተኛዋ ተከበረች ማለት ነው! የእንግሊዙ ፍሬደሪክ ሃልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ተንሳፋፊ ዝንቦች መጽሐፍ ካወጣ በኋላ ይህ ክብር ጥብቅ ሥርዓት እየሆነ ሄደ።

እርግጥ ነው፣ ሥርዓቱ ከመደብ የጸዳ አልነበረም። በደቡብ እንግሊዝ የጠሩት ወንዞች በባለ ርስቶችና በክበቦች እጅ ነበሩ። ለልጆቹ እራት ብሎ በሌሊት መረብ የጣለው ድኻ ሌባ ተባለ፤ ለደስታው በላባ የሚያታልለው ጌታ ጨዋ ተባለ። ሆኖም አቅሙን በገዛ ፈቃዱ መገደቡ አንድ ቁም ነገር ስላለው አጥር ብቻ ነው ብሎ መጣል አይገባም።

ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። በቅኔ ቤት ሰም ወርቅን ይሸፍናል፤ ሰሚው ግን መሸፈኑን አውቆ ይቀመጣል። ኅብረ ቃሉን ፈልቅቆ ወርቁን ሲያወጣ ደስታው የእርሱም የባለ ቅኔውም ነው። በመድረክም ላይ የነገሠው ተዋናይ ንጉሥ አለመሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ የሚያለቅሰውም እያወቀ ነው። ትራውቱ ለእንዲህ ያለ ስምምነት አልተጠራም። ሰሙ ዝንብ፣ ወርቁ መንጠቆ ነው፤ ምሥጢሩም የሚፈታለት ከንፈሩ ከተበሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በአምሳያው ውበት ላይ ሳይሆን፣ ሠሪው የተቀባዩን ማወቅ በመፈለጉና በመፍራቱ ላይ ነው። ለቅስቀሳ የሚጻፍ ድራማም በዚሁ ይመዘናል፦ ተመልካቹ እንዲያስብ ነው ወይስ እንዲውጥ? ይህን ልብ ያላለ የኪነት ሰው ጎበዝ ዝንብ ሠሪ ሊሆን ይችላል።

አጥማጁ ዓሣውን መልሶ ቢለቀውስ? ብዙዎች በዚህ ኅሊናቸውን ያሳርፋሉ። ነገር ግን ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት በትራውት ፊትና አፍ ላይ ጉዳትን የሚለዩ ነርቮች መኖራቸውን አሳይተዋል። ዓሣው ሕመምን እንደ ሰው ያውቃል ወይ የሚለው ክርክር ገና ባይዘጋም፣ እንደ ድንጋይ አይቆጠርም። መረብ የጣለው ድኻ ቢጠየቅ ረሃቡን ያቀርባል። የሚለቀው ግን ከዓሣው መፈራገጥ በቀር ምን ምክንያት ያቀርባል? ስዊትዘርላንድ ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድን ከልክላለች።