ስለ ኃላፊው ነገርና ስለሚገዙት

ያለፈው ዛሬ የለም፤ የሚመጣውም ገና አልሆነም፤ በመካከላቸው ያለችውም ቅጽበት አለች ሲሏት ታልፋለች። የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ 11ኛ ክፍል በዚህ ብዙ ከተጨነቀ በኋላ የጊዜን መስፈሪያ በነፍስ ውስጥ አገኘው፤ ያለፈውን በማስታወስ፣ ያለውን በማስተዋል፣ የሚመጣውን በመጠባበቅ የምትይዝ እርሷ ናትና። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ምድርን፣ ግብርንና ሠራዊትን የሚገዛ ሥልጣን የሚገዛው ነገር ኃላፊና ጠፊ መሆኑ በራሱ ላይ አይጋባበትምን የሚል ነው።

ሮማውያን ከተማቸውን ዘለዓለማዊት ይሏት ስለ ነበር፣ በ410 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ገብቶ በዘረፋት ጊዜ ብዙዎች ይህ የደረሰብን የጥንቱን አማልክት ስለ ተውን ነው ብለው አጉረመረሙ። አውግስጢኖስ ለዚህ መልስ በጻፈው ታላቅ ድርሰት ምድራዊውን መንግሥት አልናቀም፤ የሚሰጠው ሰላም ለእንግድነት ዘመን የሚጠቅም እውነተኛ በጎ ነገር ነው፣ ፍጻሜ ግን አይደለም አለ እንጂ። በ494 ዓ.ም. ደግሞ የሮማው ጳጳስ ገላስዮስ ለንጉሠ ነገሥቱ አናስጣስዮስ ሲጽፍ የክህነትንና የመንግሥትን ሥልጣን ለየ፤ በሃይማኖት ነገር ንጉሥ ለካህናት፣ በመንግሥት ሕግ ካህናት ለንጉሥ ይታዘዙ ዘንድ። የእኛም ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጾቹን መንፈሳዊና ሥጋዊ ብሎ ከፍሏል፤ ይሁን እንጂ ንጉሡ በጳጳስ እጅ እየተቀባ፣ ካህኑም ንጉሥ በሰጠው ጉልት እየኖረ፣ ድንበሩ በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው ጎልቶ አልታየም።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ተገልጦ የሚታየው ግን በሮማ ጳጳሳት ታሪክ ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ፔፒን በ756 ዓ.ም. በመካከለኛው ኢጣልያ ያለውን አገር ከሰጣቸው ጀምሮ ከ1,100 ዓመት በላይ እንደ ማንኛውም መስፍን ግብር አስገቡ፣ ወታደር ቀጠሩ፣ ሞት ፈረዱ፤ ዩልዮስ 2ኛማ በ1511 ዓ.ም. ራሱ ከጦሩ ጋር ሆኖ የሚራንዶላን ምሽግ እስከ መክበብ ደረሰ። በ1870 ዓ.ም. የቫቲካን ጉባኤ ጳጳሱ ስለ ሃይማኖት በሥልጣነ መንበሩ ሲወስን አይሳሳትም ብሎ ደነገገ። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ይህን ትምህርት አንቀበለውም፤ የተነገረበት ጊዜ ግን ያስገርማል። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የኢጣልያ ሠራዊት ቅጥሩን ነድሎ ሮማ ገባ፤ ከተማይቱን ሲጠብቅ የነበረው የፈረንሳይ ወታደር ከፕሩሲያ ጋር ስለ ተነሣው ጦርነት ወደ አገሩ ተጠርቶ ነበርና። በቅዱስ ጴጥሮስ ስም ሲገዛ የኖረው አገር እንግዲህ ሕይወቱ በፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት በናፖሊዮን 3ኛ ጠመንጃ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

የዚያን ጊዜው ጳጳስ ፒዮስ 9ኛም ራሱን እስረኛ ቆጥሮ ከቫቲካን ሳይወጣ ሞተ። ሆኖም ተከታዩ ሊዮን 13ኛ አንድ ጋሻ መሬት ሳይኖረው በ1891 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች ኑሮ የጻፈው መልእክት ከካቶሊካውያን ውጭ ባሉ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ተነበበ። መሬት የሌለው ጳጳስ የሌላ ንጉሥ ዜጋ ይሆናል የሚለው የጳጳሳቱ ክርክርም ከንቱ አይመስለኝም፤ በ1929 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተደረገው የላተራን ውል የተሰጣቸው 44 ሄክታር ገበሬ አስገብሮ ሠራዊት ለማሰለፍ አይበቃም፣ ጳጳሱ ግን በዚያ ሲኖር የማንም ንጉሥ ዳኛ አያዝዘውም።