«ፐርሰን»፦ ከጭምብል እስከ አካል

በእንግሊዝኛ ማንኛውንም ግለሰብ ለማመልከት የሚነገረው «ፐርሰን» የተባለው ቃል ጥንት ሰው ማለት አልነበረም። ምንጩ «ፐርሶና» የተሰኘው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ይህም የቲያትር ተዋናይ ፊቱን የሚሸፍንበት ጭምብል፣ ቀጥሎም በጭምብሉ የሚወከለው ገጸ ባሕርይ ማለት ነበር። አንዳንድ ሮማውያን ጸሐፍት የተዋናዩ ድምፅ በጭምብሉ አፍ ዘልቆ ስለሚሰማ ቃሉን «ማስተጋባት» ከሚል ግስ ሊያወጡት ሞክረዋል፤ ሙከራው ያምራል፣ ነገር ግን የአናባቢዎቹ ርዝመት አይገጥምለትም። ይልቁንም በጣሊያን ታርኲኒያ ከ2,500 ዓመት በላይ ባስቆጠረ የኢትሩስካውያን መቃብር ሥዕል ላይ ጭምብል ካጠለቀ ሰው አጠገብ «ፈርሱ» የሚል ጽሑፍ በመገኘቱ፣ ብዙ ሊቃውንት የቃሉን ሥር ወደዚያ ይመልሱታል።

ቃሉ የዛሬውን ክብደት ያገኘው ስለ ሰው በተደረገ ምርምር ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር በተነሣ ክርክር መሆኑ ከታሪኩ ሁሉ የሚደንቀው ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የካርቴጁ ተርቱሊያኖስ ምሥጢረ ሥላሴን ሲያብራራ አንድ «ሱብስታንሲያ»፣ ማለትም አንድ ህላዌ፣ ሦስት «ፐርሶና» የሚል አነጋገር ተጠቀመ። የግሪኩ አቻ «ፕሮሶፖን» ግን ገጽም ጭምብልም ማለት በመሆኑ፣ አንዱ አምላክ በየጊዜው መልኩን እየለወጠ ይገለጣል ለሚለው ለሰባልዮስ ትምህርት በር የሚከፍት መሰለ፤ ስለዚህ የምሥራቅ አባቶች ራሱን ችሎ መኖርን የሚያመለክተውን «ሂፖስታሲስ» መረጡ። ይህ ቃል ደግሞ በአፈጣጠሩ ከላቲኑ «ሱብስታንሲያ» ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሦስት «ሂፖስታሲስ» ሲባል ለላቲኖች ሦስት አማልክት የተባለ ያህል ይሰማቸው ነበር፤ በ362 እ.ኤ.አ. በአትናቴዎስ መሪነት በእስክንድርያ የተሰበሰበው ጉባኤም ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ቃል አንድ እምነት ይዘው መገኘታቸውን ከመረመረ በኋላ አስማማቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ፕሮሶፖን» ገጽ፣ «ሂፖስታሲስ» አካል ይባላል፤ ለእያንዳንዱ የሥላሴ አካልም ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክ እንዳለው መነገሩ ገጹ ጭምብል ነው የሚለውን አሳብ ከሥሩ ይዘጋዋል።

ከእነዚሁ የምሥራቅ አባቶች አንዱ የሆነው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ «አብ» የሚለው ስም የህላዌም የድርጊትም ሳይሆን የዝምድና ስም ነው ብሎ ሲያስተምር፣ አካል ከሌላ አካል ጋር ካለው ግንኙነት ተነጥሎ እንደማይታሰብ አመለከተ። በምዕራብ ግን አካልን ከግንኙነቱ ሳይሆን ከራሱ የሚበይን አነጋገርም ተነሣ። በ6ኛው መቶ ዘመን ቦኤቲየስ «ፐርሶና»ን አእምሮ ያለው ባሕርይ ነጠላ ህላዌ ብሎ በየነው፤ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክም በ1694 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድርሰቱ ሁለተኛ እትም «ፐርሰን» ማለት በተለያየ ጊዜና ቦታ ራሱን ያው ራሱ እንደሆነ የሚያውቅ አሳቢ ፍጡር ነው አለ። በዚህ መለኪያ ገና የተወለደ ሕፃንና ትዝታው የጠፋበት አረጋዊ ሰው ቢሆኑም «ፐርሰን» መባላቸው አጠራጣሪ ይሆናል፤ አንዳንድ የዘመናችን ፈላስፎችም ወደዚሁ መደምደሚያ ሳያፍሩ ደርሰዋል።

ሎክ ቃሉ የፍርድ ቤት ቃል ነው ማለቱ ግን ትክክል ነበር። ለንግድ ማኅበራት የሕግ ሰውነት ከተሰጠ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ በ1928 እ.ኤ.አ. የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴቶች ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመሾም ብቁ በሆኑ «ፐርሰኖች» ውስጥ አይቆጠሩም ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔውን በቀጣዩ ዓመት በጥቅምት ወር የሻረው ለንደን የሚገኘው የንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት የዳኝነት ኮሚቴ ነው። እነዚያ ሴቶች በሎክ ሚዛን የጎደላቸው ነገር አልነበረም፤ አእምሮም ትዝታም ነበራቸው፤ ሚዛኑ ግን ከመገፋት አላዳናቸውም። እርግጥ ነው፣ እንደ ጎርጎርዮስ አካል በዝምድና ይታወቃል ከተባለም ዝምድናውን የሚክድ ዳኛ አካሉንም ሊክድ ይችላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ነገር ግን በጎርጎርዮስ አነጋገር ዝምድናው በውሳኔ የሚሰጥ አይደለም፤ ከሥላሴ ወደ ፍጡር ሲወርድም፣ ሕፃን ገና ራሱን ሳያውቅ፣ መዝገብም ስሙን ሳይቀበል የእናቱ ልጅ ነው።