መሪ ለሌለው መሪ ማሳደግ



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ስለ ውሻ ነው። «ይህ ሰው ደግሞ ምን ነካው? የሙስሊሙ ችግር ሁሉ አልቆ ወደ ውሻ ወረደ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር። ይሁንና አንዲት አሮጊት ያሳደጉት ቡችላ የልጅነት ጥፋቴን አስታውሶኛልና እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ታላቅ እህቴ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የምትኖረው በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ ነው። ልጠይቃት ሄጄ አንድ ወር ያህል እሷ ዘንድ ተቀመጥኩ። ጎረቤቷ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ እንግሊዛዊት ናቸው። ሴትዮዋ ዓይነ ስውራንን ለመምራት የሚሰለጥኑ ውሾችን ገና በቡችላነታቸው ተቀብለው በበጎ ፈቃድ ያሳድጋሉ። ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ከድርጅቱ ይረከቡታል፤ ዓመት ከጥቂት ወራት ሲሞላው ወደ ማሰልጠኛው ይመልሱታል። ደመወዝ የላቸውም። የምግቡንና የሕክምናውን ወጪ ድርጅቱ ይችላል፤ ጊዜያቸው፣ ጉልበታቸውና እንቅልፋቸው ግን የራሳቸው ስጦታ ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቡችላው ሰው ላይ እንዳይዘል፣ መሬት ላይ የወደቀ ምግብ እንዳያነሳ፣ በተፈቀደለት ቦታና ሰዓት እንዲፀዳዳ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከወንበር ሥር ጸጥ ብሎ እንዲጓዝ፣ በገበያ ግርግርና በመኪና ጩኸት እንዳይደነብር ማድረግ አለባቸው። ይህ ሁሉ ገና መሠረቱ ነው። ዓይነ ስውር የመምራቱን ትምህርት የሚሰጡት በኋላ የሚረከቡት ባለሙያዎች ናቸው። ያደገ ቡችላ ሁሉም ፈተናውን አያልፍም፤ የዓመት ድካም መና የሚቀርበት ጊዜም አለ።

እኔ በደረስኩ ጊዜ ቡችላው ሊሄድ ሳምንታት ቀርተውት ነበር። የመረከቢያው ቀን መኪና መጣ። ሴትዮዋ ማሰሪያውን ለሰውየው አስረከቡ፤ አንዴ ጭንቅላቱን ዳበስ አድርገው ወደ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ዓመት ሙሉ ውሻው ባለፈ ቁጥር ቀሚሷን ሰብስባ ስትሸሽ የኖረችው እህቴ ሻይ አፍልታ «ና፣ እናጽናናቸው» አለችኝ። ሄድን። «ለማን ነው የሚሰጡት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አላውቅም፤ ገና አልተወሰነም» አሉ። «ታዲያ አያሳዝንዎትም?» አልኳቸው። «ካላዘንኩማ ደህና አድርጌ አላሳደግሁትም ማለት ነው» አሉኝ።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የወደዱትን ነገር፣ ለዚያውም ወደው ያሳደጉትን፣ ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኣሊ ዒምራን የምንወደውን እስካልሰጠን ድረስ ከመልካም ሥራ እውነተኛ ደረጃ እንደማንደርስ ይነግረናል። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን ለሰደቃ የተቀደደውን ሸሚዝና የተረፈውን እንጀራ የምንመርጠው?

አንዳንዱ ወንድም «ውሻ እኮ ነጃሳ ነው» ይለኛል። ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። በአገራችን ብዙው ሙስሊም በሚከተለው በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ እርጥበት የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ከአፈር ጋር፣ ይታጠባል። ኢማም ማሊክ በበኩላቸው ውሻ በራሱ ነጃሳ ነው አላሉም። ሊቃውንቱ የተለያዩት በመታጠቡ ጉዳይ ነው፤ ውሻን ለጥቅም ማሰልጠንማ በቁርኣን የታወቀ ነገር ነው። ሱረቱል ማኢዳህ የሰለጠኑ አዳኝ እንስሳት የያዙትን መብላት ፈቅዷል። በሐዲስም ያለ ምክንያት ውሻ የሚያኖር ሰው ከምንዳው በየዕለቱ እንደሚቀነስበት ሲነገር፣ ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ የሚያኖር ግን ተለይቶ ወጥቷል። ከሻፊዒ መዝሀብ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኢማም አን-ነወዊ ደግሞ ለተፈቀደ ሥራ ለማሰልጠን ቡችላ ማሳደግ ይቻላል ወይ የሚለውን ጥያቄ አንስተው፣ ትክክለኛው አቋም መፈቀዱ ነው ብለዋል። ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት መሆኑ ነው! በግ ለመጠበቅ ከተፈቀደ የአደም ልጅን ከመኪና አደጋ ለመጠበቅ እንዴት ይከለከላል?

በዚያችው በሌስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ዓይነ ስውር ሙስሊም ተማሪ በውሻ እየተመራ ወደ መስጊድ እንዲመጣ ተፈቅዶለታል። የአገሪቱ የሸሪዓ ምክር ቤት ጉዳዩን መርምሮ ፈቀደ፤ መስጊዱም ተማሪው ሲሰግድ ውሻው በመግቢያው በኩል በተለየ ቦታ እንዲቆይ አደረገ። የሶላቱ ቦታ ንጽሕና ተጠበቀ፤ ሰውየውም ጀማዓ አላመለጠውም። ፊቅህ ማለት ይኸው ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ውሻ ሥራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ውሻው መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። መንገዱን የሚያውቀው ሰውየው ነው። ውሻው እንቅፋት ያሳልፈዋል፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ሲደርስ ይቆማል። «ሂድ» ተብሎ መኪና ቢመጣ ትእዛዙን አይቀበልም። ሥራው የተደራጀው በጀርመን አገር ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ሲባል እ.ኤ.አ. በ1916 በኦልደንቡርግ ከተማ ማሰልጠኛ ተከፈተ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1931 በአራት ውሾች ጀመሩ። ቡችላዎቹን በበጎ ፈቃደኞች ቤት ማሳደግ የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ።

ያደግሁት ደሴ ነው። የሰፈራችን የቁርኣን መምህር ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ሐፊዝ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እሳቸውን ወደ መስጊድ የማድረሱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የዱላቸውን ጫፍ ይዤ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። አንድ ቀን ለዐስር ሶላት ስንሄድ ጓደኞቼ ሜዳው ላይ ኳስ ሲጫወቱ አየሁ። «ሼኽ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አልኩና ከግንብ አስጠግቻቸው ሄድኩ። አንዴ ያልኩት አዛን እስኪባል ቆየ። ስመለስ በቦታው የሉም። ትንሽ ወረድ ብሎ ቦይ ውስጥ ወድቀው፣ ነጭ ጀለቢያቸው በጭቃ ተለውሶ አገኘኋቸው። አልመቱኝም፣ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አዛኑን ሰምቼ እንዴት ልቀመጥ?» ብቻ አሉኝ። ያን ቀን ጀማዓ አመለጣቸው።

ካደግሁ በኋላ አንድ ሐዲስ ሳነብ ደነገጥኩ። መሪ የሌለው ዓይነ ስውር ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ቤቱ እንዲሰግድ ፈቃድ ጠየቀ። ነቢዩም መጀመሪያ ፈቀዱለት፤ ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ግን አዛን ይሰማ እንደሆነ ጠየቁት። እሰማለሁ ሲል ጥሪውን እንዲቀበል ነገሩት። ሰውየው ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) እንደነበሩ ተዘግቧል፤ በእሳቸው ምክንያት ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው፣ የነቢዩ ሙአዚን የነበሩት፣ ነቢዩ ለዘመቻ ሲወጡ መዲናን በአደራ የተረከቡት ሰሐባ ማለት ናቸው። ብዙዎቻችን ይህን ሐዲስ የምንጠቅሰው የጀማዓን ክብደት ለማሳየት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። ዓይነ ስውሩ ጥሪውን የመቀበል ግዴታ ካለበት፣ ዓይን ያለን ጎረቤቶቹ በእሱ ላይ ምን ግዴታ አለብን?

ያን ቀን በዚያ መንገድ ብዙ ጎልማሶች አልፈዋል፤ ሼኹን ያላወቀ አልነበረም። እያንዳንዱ ግን «ልጁ አለ» ብሎ ነበር ያለፈው። በአገራችን የዓይነ ስውር መሪ ብዙ ጊዜ ሕፃን ነው፤ መሪነቱን ማንም ያላስተማረው፣ አንዳንዴም ከትምህርት ገበታው የቀረ ሕፃን። ጥፋቴን አልክድም። ነገር ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የሰፈር ሙሉ አማና መጫንስ ጥፋት አይደለም?

ልዩነቱን ያየሁት ከሴትዮዋ ቤት ነው። ውሻ ሲጠማ አይቶ ከጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣውን፣ አላህም ወንጀሉን የማረለትን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ዓይን ያየውን ችግር ልብ ሲያዝንለት ነው፤ ታላቅ ሥራ ነው። እኛም አላህ ይመስገን በዚህ አንታማም፤ የወደቀ ስናይ እንሮጣለን። የሴትዮዋ ራሕመት ግን ገና ሳይወድቅ ነው የሚጀምረው። ነገ መንገድ የሚሻገረውን ሰው አያውቁትም፤ ዛሬ ግን ሌሊት ከቡችላው ጋር ይነቃሉ። መሪ በተፈለገበት ሰዓት ከመንገድ አይለቀምም፤ አስቀድሞ ማደግ አለበት።

«እንግዲህ ውሻ እናርባ ነው የምትለው?» እንዳትሉኝ። የእግረኛ መንገዱ በተቆፈረበት፣ የቦይ ክዳን በሌለበት፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በየማዕዘኑ በሚንጋጉበት ከተማ የሰለጠነ ውሻ እንኳ ቢመጣ ሥራው ይከብደዋል። እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው ሰው ነው። በየመስጊዳችን ጀማዓ ውስጥ ስንት ዓይነ ስውራን አሉ? ቤታቸው የት ነው? ኢማሙና ኮሚቴው ስማቸውን ያውቃሉ? በየወቅቱ ሶላት ተራ ገብተው የሚያደርሱ ጎልማሶችን መመደብ፣ እንዴት እንደሚመራ ከራሳቸው ከዓይነ ስውራኑ መማር፣ በመስጊዱ በር ላይ የሚከመረውን ጫማ ከመተላለፊያው ማንሳት ያቅተናል? ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ ይጠይቃል። የምንወደውም እሱን ነውና ስጦታው እውነተኛ የሚሆነው በዚያው ነው።

ሼኹ ወደ አኺራ ከሄዱ ቆይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ይቅርታ የመጠየቂያው ጊዜ አምልጦኛል። ዛሬም ግን የዐስር አዛን ሲሰማ፣ በየሰፈሩ ከግንብ ተጠግቶ እጁን የሚይዘው የሚጠብቅ ሰው አለ። እሱ አዛኑን ሰምቷል። እኛስ?

ወላሁ አዕለም።