ታዞለት ያልታዘዘ

በቋንቋችን ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል፤ አዛዥም ወታደሩን ያዝዛል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ይመስላል፣ መድኃኒቱን ያልወሰደን ታማሚ እንደ ከዳ ወታደር ማየት ይቀናናል። «ነግሬው ነበር፤ አልሰማም አለ» እንልና እጃችንን ታጥበን እንሄዳለን። ግን የሚጠቅመውን ምክር ለማይከተል ሰው ምን ዕዳ አለብን? እናስገድደው ወይስ እንተወው?

የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያው 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሪው 4 ወር ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። ብዙ ታማሚዎች ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ይቀልላቸዋል፣ የምግብ ፍላጎታቸውም ይመለሳል። ስለዚህ አንዱ የሚያቋርጠው ስለተሻለው ነው። ሌላው ሽንቱ ብርቱካንማ ሲሆን ይደነግጣል፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት የሚያመጣው ጉዳት የሌለው ለውጥ መሆኑን የነገረው የለም። አንዷ ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ጎረቤት እንዳያያት ትሰጋለች። ለቀን ሠራተኛው ደግሞ ወረፋ ሲጠብቅ የዋለበት ቀን ለልጆቹ ራት የሌለበት ቀን ነው። እነዚህን ሁሉ «እምቢተኛ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። ችግሩም የድሃ አገር ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉ አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን በአግባቡ የሚከታተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ናቸው።

«ታዲያ ነጻነቱ ነው፤ እንተወው» የሚልም ይኖራል። ጉዳዩ የራስ ምታት ኪኒን ቢሆን ሐሳቡ ያስኬድ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ግን በትንፋሽ ይተላለፋል። ሕክምናው ሲቆራረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፤ የተላመደውም በአንድ ክፍል አብረውት ለሚያድሩት ልጆች ይተርፋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ዝም ማለትን «አክብሮት» ብንለው ራሳችንን እናታልላለን።

ንዕማን ከለምጹ እንዲነጻ የተነገረውን ንቆ፣ ተቆጥቶ ሲመለስ አገልጋዮቹ ያደረጉትን አስቡ። አልዘለፉትም፣ አልተዉትምም። ቀረብ ብለው በአክብሮት አናገሩት፤ ከባድ ነገር ቢባል ኖሮ ያደርገው እንደነበር አሳሰቡት። ያስቸገረው ወንዙ ሳይሆን ክብሩ እንደነበር ገብቷቸዋል። ወደ ውኃው የወረደው ግን በገዛ እግሩ ነው፤ የጎተተው የለም።

ወጣቶች ሆይ፣ ከመካከላችሁ ነርስነትና ፋርማሲ የምትማሩ አላችሁ። ሌሎቻችሁ የእናታችሁን የደም ግፊት ኪኒን የምትከታተሉ ናችሁ። «ለምን አልወሰድሽም?» የሚለው ጥያቄ ሰበብ ያስፈልጋል። «እማዬ፣ ምኑ ነው ያስቸገረሽ?» የሚለው ግን እውነቱን ሊያወጣ ይችላል፤ ምናልባት ያዞራታል፣ ምናልባት ዋጋው ከብዷታል። መልሷን ከሰማችሁ በኋላ አደጋውን ሳትሸፋፍኑ ንገሯት። ዛሬ እምቢ ብትል ሳትቆጡ ነገ ደግማችሁ ጠይቋት። ውሳኔው የእርሷ ነው፤ መመላለሱ ግን የእናንተ ድርሻ ነው።