ከኦፕራሲዮን የተነሣ ሰው ይጹምን?

ምእመናን! ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሆና ገጠር ቤቷ የገባች እናት፣ በዐቢይ ጾም ወተት ሲሰጧት «ጎረቤት ምን ይለኛል?» ትላለች። ሐኪሙ ለሳምንታት ከባድ ዕቃ አታንሺ ቢላትም ጀሪካን ታዝላለች። ይህ ጽድቅ ነውን? ፍትሐ ነገሥቱ እንኳ በጾም አንቀጹ ለታመመ ሰው ይፈቅዳል። የጴጥሮስ አማት ከንዳዷ ወዲያው ተነሥታ አገለገለች፤ እርሷን ያስነሣት ግን የጌታ እጅ ነው። በምላጭ የተከፈተ ሥጋ ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው፤ ምግብም ይሻል።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከ55ቱ ቀን ጾም ይልቅ የሚከብዳት ቁጭ ብሎ መገልገሉ ነው፤ ሲያገለግል የኖረ ሰው ያፍራል። መፃጉዕ 38 ዓመት ታሞ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አልነበረውም፤ እርሷ ግን ሰው አላት። የንስሐ አባቷን አስፈቅዳ ወተቱን ትጠጣ፤ ውኃውን ልጇ ይቅዳ።