ስሙ የማይጠራ የመጀመሪያ ወንበር

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን፣ ይዋል። ግን ገና በሕይወት ሳለ፣ ትንፋሹ ሳይወጣ፣ ሥራው እየተደነቀ ስሙ የማይጠራ ሰውስ? ለእንዲህ ያለው ሰው ዕዳ አለብን ወይስ የለብንም? ካለብንስ ዕዳው በምን ይከፈላል? በጭብጨባ ነው? በሐውልት ነው? በገንዘብ ነው? በዚህች ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው እንዲሁ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ሰው ይዘን እንነሳለን፤ ዩጂን «ስኑኪ» ያንግ የሚባል አሜሪካዊ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች።

«ስኑኪ ደግሞ ማነው?» ያለ አንባቢ አይፈር። ጃዝ እናውቃለን ከምንለውም መሐል ብዙዎቻችን ስለ ትራምፔት ሲወራ የምንጠራው ሉዊ አርምስትሮንግን፣ ዲዚ ጊለስፒን፣ ማይልስ ዴቪስን ነው። እነዚህ በሶሎ የታወቁ ናቸው፤ ከመሐል ብድግ ብለው፣ ብርሃኑ ወደነሱ ዞሮ፣ ብቻቸውን የሚናገሩ። ስኑኪ ያንግ ግን ሰባ ዓመት ገደማ የኖረው ሌሎች ብድግ ሲሉ ተቀምጦ ነው። ሥራው በአሜሪካኖች አጠራር ሊድ ትራምፔት፣ በኛ አማርኛ መሪ ትራምፔት ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ ካላየን ጥያቄያችን አይገባንም። በአንድ ቢግ ባንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ትራምፔት፣ ሦስት ወይም አራት ትሮምቦን፣ አምስት ሳክስፎን፣ ከነዚህ ጋር ፒያኖ፣ ባስና ከበሮ፣ አንዳንዴም ጊታር ይኖራል። አቀናባሪው ኖታውን ጽፎ ለያንዳንዱ ያድላል። ወረቀት ግን ሁሉን አይናገርም። ኖታው ምን ያህል ይጎተት፣ በምን ኃይል ይመታ፣ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ይበል ወይስ ቀደም፣ መጨረሻው ይርገብገብ ወይስ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የት ላይ ይቆረጥ፤ ይህን ሁሉ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የላይኛውን ድምጽ የሚጫወተው መሪ ትራምፔት ነው። እሱ እንደተነፈሰ ጎኑ ያሉት ትራምፔቶች ይተነፍሳሉ፤ ትሮምቦኖቹና ሳክስፎኖቹም ጆሯቸውን ወደሱ ያዘነብላሉ፤ ከበሮ መቺውም የት እንደሚመታ ከሱ ይሰማል። ስብሰባ የለም፣ ክርክር የለም፣ ትእዛዝ የለም። እሱ ይነፋል፣ ሌላው ይከተላል። በቃ።

በኛ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለ። አውራጁ ብቻውን ይላል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ስለዚህ አውራጁን ሕፃን ልጅ እንኳ ለይቶ ያውቀዋል። መሪ ትራምፔት ግን አውርዶ ዝም የሚል አይደለም። ከተቀባዮቹ ጋር በአንድ አፍታ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወርደው። ሥራው በደንብ ከተሠራ አምስት ሰው አንድ ሰው ይመስላል። ይህ ሆነ ማለት ደግሞ እሱ ጠፋ ማለት ነው። ፍጹምነቱ መጥፋቱ ላይ ነው።

ሲሳሳትስ? ሦስተኛው ሳክስፎን ቢሳሳት ከመሐል ተደብቆ ያልፋል። የላይኛው ድምጽ ሲሰነጠቅ ግን ከኋላ የተቀመጠው አስተናጋጅ ሳይቀር ይሰማል። እንግዲህ ሲሠራ የማይታይ፣ ሲያበላሽ ብቻ የሚታይ ሥራ ነው። ድካሙም ቀላል አይደለም። ትራምፔት የሚጮኸው በሰው ከንፈር ንዝረት ነው፤ ድምጹ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከንፈርና ሳንባ የሚችሉት ጫና ይከብዳል። በዚህም ምክንያት በብዙ ባንድ ሶሎው ለሌላ ወንበር ይሰጣል፤ መሪው ከንፈሩን እስከ ሌሊቱ መጨረሻ ማቆየት አለበትና። ሸክሙ ለሱ፣ ጭብጨባው ለጎረቤቱ።

አሁን ወደ ሰውየው። ስኑኪ ያንግ እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 1919 ኦሃዮ ውስጥ በዴይተን ከተማ ተወለደ። በሃያ ዓመቱ፣ በ1939 መጨረሻ፣ በዘመኑ ስመ ጥር ወደነበረው የጂሚ ላንስፎርድ ኦርኬስትራ ገባ። በዚያው ዓመት ባንዱ በቀረጸው «አፕታውን ብሉዝ» ላይ ሶሎ ተጫውቷል። ይህን ማንሳታችን «ሶሎ ስለማይችል ነው ከኋላ የተቀመጠው» ለሚሉ መልስ እንዲሆን ነው። ይችል ነበር፤ ግን ወንበሩ ሌላ ነበር። ከላንስፎርድ በኋላ በካውንት ቤዚ ባንድ ሠራ። ከዚያ ወደ ዴይተን ተመልሶ አሥር ዓመት ያህል የራሱን ባንድ መራ። በ1957 እንደገና ወደ ቤዚ ሄዶ እስከ 1962 ቆየ።

በዚያው በ1957 ጥቅምት ላይ የቤዚ ባንድ የኒል ሄፍቲን ድርሰቶች ቀረጸ፤ «ዘ አቶሚክ ሚስተር ቤዚ» እየተባለ የሚጠራው ሸክላ ነው። ከውስጡ «ሊል ዳርሊን» የሚባል በጣም ቀስ ያለ ዜማ አለ። ሄፍቲ ፈጠን እንዲል አስቦ ጽፎት ነበር ይባላል፤ ያዘገየው ቤዚ ነው። አንድ ባንድ ሲፈጥን ብዙ ጉድለት ይሸፈናል፤ ሲዘገይ ግን መሸሸጊያ የለም። እያንዳንዱ ኖታ ሊወድቅ ምንም ሳይቀረው ይቆይና ልክ በሰዓቱ ቦታው ላይ ያርፋል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ላይ ከሚያሳርፉት መሐል የመጀመሪያው በመሪው ወንበር የተቀመጠው ስኑኪ ነበር። በዚያ ዜማ ላይ የሚሰማው የትራምፔት ሶሎ ግን የዌንደል ከሊ ነው። ሸክላውን የሰማ ሰው ቢያስታውስ ሶሎውን ያስታውሳል፤ ብዙው ደግሞ የቤዚን ስም ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ሰው ተበድሏል እንበል? እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይነሳል።

አንደኛው ወገን «የምን በደል?» ይላል። «ደመወዙን በልቷል፤ ሙያተኞች አክብረውታል፤ የታድ ጆንስና የመል ሉዊስ ኦርኬስትራ በ1965 ሲቋቋም ለመሪ ወንበር የተጠራው እሱ ነው፤ በ2009ም የአሜሪካ መንግሥት ለጃዝ ሰዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር ተቀብሏል፤ 92 ዓመት ኖሮ በ2011 ሞተ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ደግሞስ ሳይሰማ መቅረቱ የሥራው ጠባይ ነው። የቤት መሠረት ከመሬት በታች ነው ተብሎ ይታዘንለታል?» ይላል።

ይህ አነጋገር ውስጡ እውነት አለ፤ ሙሉ ግን አይደለም። ሁለት ዓይነት አለመታየትን አንድ አድርጎ ስለሚደባልቅ ነው። አንዱ ከሥራው ጠባይ የሚመጣ ነው። ስኑኪ ወዶ የተቀበለው፣ የሚኮራበትም ሊሆን የሚችል አለመታየት ይህ ነው። ሁለተኛው ግን ሰው በሰው ላይ የሚጭነው ነው። በ1941 በወጣው «ብሉዝ ኢን ዘ ናይት» በተባለው ፊልም ላይ ጃክ ካርሰን የሚባል ነጭ ተዋናይ ትራምፔት ይዞ ይታያል። ድምጹ ግን የስኑኪ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንላለን፤ ሲኒማ ላይ ግን ሲያደምቅ ታየ! እዚህ ላይ የጠፋው ሰው በሥራው ጠባይ አልጠፋም። ፊቱ ከድምጹ ተነጥሎ ነው። የጥቁሩ ትንፋሽ ይፈለጋል፤ ፊቱ አይፈለግም።

የቴሌቪዥኑንም ነገር እንይ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች ለቋሚ ኦርኬስትራቸው ጥቁር ሙዚቀኛ እምብዛም ሳይቀጥሩ ኖረዋል። በኤንቢሲ በሩ የተከፈተው ክላርክ ቴሪ በ1960 ሲቀጠር ነው፤ ስኑኪ በ1962 ተከተለ። ከዚያ በኋላ በ«ቱናይት ሾው» ባንድ እስከ 1992 ተጫወተ። ሠላሳ ዓመት! ሚሊዮኖች በየማታው ሰምተውታል። ይሁን እንጂ ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሰው የሚደርሰው የመግቢያው ዜማና ቁርጥራጩ ነበር፤ ማስታወቂያ ሲገባ ባንዱ ስቱዲዮ ላለው ተመልካች ብቻ ይጫወታል። በየማታው የሚሰማ፣ ግን በውል ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ማለት ይህ ነው። እንግዲህ በሩ ተዘግቶ የቆየበት ዘመን የሙዚቃ ጠባይ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣና ያስረዳን። የመጀመሪያው አለመታየት ሙያ ነው፤ ሁለተኛው ስርቆት ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ወይ ሌባውን ያመሰግናል፣ ወይ ሙያተኛውን ያለቦታው ያለቅስለታል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። «ሁሉም ይሰማ! ሁሉም ይነሳና ይጫወት! ወንበር ማበላለጥ ይቅር!» ይላል። ልብ ያሞቃል። ግን ሁሉም ብድግ ብሎ የየራሱን ከነፋ ባንዱ የት አለ? ገበያ ነው የሚሆነው። ስኑኪን ከወንበሩ አንስተን ኮከብ ብናደርገው፣ ልናከብር የተነሳንለትን ሥራ ራሱን አፈረስነው ማለት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እሱን ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ ላይ አይገኝም።

ታዲያ የት ይገኛል? አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ክብር ከሚቀበለው ሰው ይልቅ በሚሰጡት ሰዎች እጅ ያለ ነገር ነው የሚል ሐሳብ አለው። እሱ ይህን ያለው ክብርን ለማሳነስ ነው፤ ሰው ደስታውን በሌሎች እጅ ላይ እንዳይጥል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ብናየው አንድ ነገር እናገኝበታለን። ክብር በሰጪው ላይ የሚመረኮዝ ከሆነ፣ ክብር አሰጣጣችን ስለ ስኑኪ ከሚናገረው ይልቅ ስለ እኛ የሚናገረው ይበዛል። ሶሎውን ብቻ ሰምቶ የሚሄድ ሰው ስኑኪን አልጎዳም፤ ሰውየው ሥራውን ሠርቶ አልፏል። የተጎዳው ሰሚው ነው። መልካም ነገር እንዴት እንደሚሠራ በስህተት ተማረ። ዓለም የሚቆመው ብድግ ባሉ ሰዎች ነው ብሎ አመነ። ይህን ያመነ ወጣት ደግሞ ምን እንደሚመኝ የታወቀ ነው፤ ብድግ ማለትን።

ይህ ነገር ከሙዚቃ ይወጣል፣ ወገኖች። በኛ መሐል እንኳ ስብሰባ ላይ ጥሩ የተናገረው ይጠቀሳል፤ ወንበሩን ደርድሮ፣ ቃለ ጉባኤውን ጽፎ፣ ንግግሩ የቆመበትን ማስረጃ ለቅሞ ያመጣው ማን ነበር? ይህች የያዛችኋት ገጽ ደብዝዛ ብትወጣ «ማነው ያባዛው?» ተብሎ ይጮኻል፤ ጥርት ብላ ስትወጣ ግን የሚመሰገነው ጸሐፊው ነው። ኤሊንግተን በ1973 ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል፣ ይወራለታልም። ያን ጊዜ በመጀመሪያው የትራምፔት ወንበር ማን ተቀምጦ ነበር ብሎ የጠየቀ ግን ስንቱ ነው?

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀረናል፤ ዘለን ብናልፈው ራሳችንን ማታለል ይሆናል። «እናንተ ለመጀመሪያው ወንበር ተከራከራችሁ፤ እሺ፣ አራተኛውስ? እሱን ማን ያነሳዋል?» ቢባልስ? ልክ ነው። መሪው መሪ የሆነው ሌሎቹ የራሳቸውን አተነፋፈስ ትተው የሱን ስለተቀበሉ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል የመጀመሪያውን ክር የዘረጋውን እንረሳለን፤ የመጀመሪያውን ስናነሳ ደግሞ የቀሩትን እንረሳለን። የማስታወስ ዕዳ አንድ ሰው ጋ ደርሶ «ተከፈለ» የሚባል አይደለም። ከቤዚ ወደ ስኑኪ፣ ከስኑኪ ወደ ጎኑ እየወረደ የሚሄድ ነው። ሁሉንም መጥራት አንችልም። ግን ዝርዝሩ እኛ በምናውቀው ስም እንደማያልቅ ማወቅ እንችላለን፤ ይህን ማወቅ ራሱ ከዕዳው ትልቁ ክፍል ይመስለናል።

ስለዚህ የኛ መልስ ይህ ነው። ለስኑኪ ያንግ ያለብን ጭብጨባ ሳይሆን ጆሮ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የተሰረቀበት ካለ፣ እንደ ፊልሙ፣ የማን እንደነበር በስሙ ጠርቶ መናገር፤ ወዶ የተሸከመው ከሆነ፣ እንደ ወንበሩ፣ ሸክሙን አውቆ ማድመጥ። «ሊል ዳርሊን»ን ያገኘ ሰው ሁለት ጊዜ ይስማው። በመጀመሪያው ጊዜ እንደወትሮው፣ ሶሎውንም ጭምር። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሶሎውን ይተውና ሁሉም አንድ ላይ ሲነፉ ከላይ ያለውን ድምጽ ብቻ ይከተል፤ የት እንደሚቆይ፣ የት እንደሚለቅ። ከዚያ ከሥሩ ያሉትን አንድ በአንድ ይፈልግ።