ጆሮ ሲፈርድ

አንድን ሥራ ሁለት ሐያስያን በአንድ መጽሔት፣ በአንድ ዕትም መዝነውት፣ አንዱ ከአምስት ኮከብ አምስቱን ሲሰጠው ሌላው አንድም ቢነፍገው ትክክለኛው ፈራጅ የትኛው ነው? ነገሩ ለክርክር ያህል የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። ዳውን ቢት የተባለው የአሜሪካ የጃዝ መጽሔት በጃንዋሪ 1962 እ.ኤ.አ. ያደረገው ይህንኑ ነው። የኦርኔት ኮልማንን «ፍሪ ጃዝ» የተሰኘ አልበም ፒት ዌልዲንግ በአምስት ኮከብ ሲያከብረው፣ ጆን ታይናን ዜሮ ሰጠው።

አልበሙ በዲሴምበር 1960 በኒው ዮርክ በአንድ ቀን ተቀርጾ በ1961 ለገበያ ወጣ። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ በሸክላው ሁለት ገጽ ላይ የተከፈለ አንድ ወጥ ጨዋታ ነው። ስምንት ሙዚቀኞች በሁለት ጓድ ተመድበው አንዱ ጓድ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይሰማሉ። ሁለት ባስና ሁለት ድራም በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ፤ ሳክስፎኑ፣ ባስ ክላሪኔቱና ትራምፔቶቹ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ ይጮኻሉ። በጥሞና ላዳመጠው ግን ስልት አለው። አጫጭር የጋራ መግቢያዎች ተራ ይከፍታሉ፤ አንዱ ተጫዋች ወደ ፊት ይወጣል፤ የቀሩት እንደ ተቀባይ ይመልሱለታል፣ ይደርቡበታል፣ ይሞግቱታል። በመጨረሻ ለባሶቹና ለድራሞቹም ተራ ይደርሳቸዋል። ይሁንና ለአዲስ ጆሮ ቀድሞ የሚደርሰው ሥርዓቱ ሳይሆን ግርግሩ ነው።

እንዲህ ባለው ጊዜ ሦስት ፍርዶች ይምታታሉ። «አልወደድኩትም» የሚለው ስለ አድማጩ የሚሰጥ ምስክርነት ስለሆነ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። «ዋጋ የለውም» የሚለው ስለ ሥራው የሚናገር ነውና ማስረጃ ይሻል። «አታላይ ነው» የሚለው ደግሞ ስለ ሠሪው ልብ የሚናገር በመሆኑ ከሁሉ የከበደ ማስረጃ ያስፈልገዋል። የሥነ ምግባር ስሕተት የሚፈጸመው ከመጀመሪያው ፍርድ ተነሥቶ ያለ አንዳች ድልድይ ወደ ሦስተኛው ሲዘለል ነው። ጆሮ ስለ ራሱ ሕመም ታማኝ ምስክር ነው፤ ስለ ሌላው ሰው ሐሳብ ግን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ይህ ዝላይ ደግሞ ዋጋ የሚያስከፍል ነው። ኮልማን ገና ወጣት ሳለ በሉዊዚያና ግዛት በባተን ሩዥ ከተማ ለዳንስ ታዳሚዎች ተጫውቶ ሲወጣ እንደተደበደበና ሳክስፎኑ እንደተሰበረበት ራሱ ተናግሯል። ኮከብ የነፈገ ሐያሲና መሣሪያ የሰበረ ደብዳቢ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በብዕሩ ያመነበትን ጽፏል። ነገር ግን ያልተለመደ ድምፅ ሁሉ ስድብ ነው ብሎ ማመን ለዱላው መንገድ ይጠርጋል።

በሌላው ወገን ያለው ስሕተትም ቀላል አይደለም። አላዋቂ እንዳይባል ፈርቶ ያልገባውን የሚያደንቅ ሰው፣ ያልገባውን ከሚያወግዘው በምን ይሻላል? ሁለቱም ሳያዳምጡ ፈርደዋል። እንዲያውም አድናቂ መሳዩ ሥራውን በምስጋና ስም ይቀብረዋል፤ ምክንያቱም ለተወገዘ ሥራ ጠበቃ ይነሣለት ይሆናል፤ በሐሰት ለተመሰገነ ግን ማን ይሟገትለታል? ኮልማን በ2007 የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ማግኘቱም ታይናንን ውሸታም አያደርገውም። ክብር ዘግይቶ መምጣቱ ያ አልበም ለዚያ አድማጭ ጆሮ ሸካራ እንደነበር አይሽርም፤ ጊዜ ያለፈበት ጫጫታም ሁሉ ወደ ዜማ አይለወጥም።

የቅኔ ባህል ያለው ሕዝብ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ሰሚ ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ቢሰወርበት «ቅኔው ባዶ ነው» ብሎ አይነሣም፤ ይድገሙልኝ ይላል። «ይድገሙልኝ» ማለት መስማማት አይደለም፤ ሁለተኛ ሰምቶ ወርቅ ያጣ ሰው ወርቅ የለውም የማለት መብት አለው። ባዶ ግጥም በቅኔ ስም ተሸፍኖ እንዲያልፍም አይፈቅድም።

የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያንጎራጎረው ይህ የኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ሥራዎቹ በኢትዮፒክ ተከታታይ አልበሞች ከአገር ሲወጡ፣ ብዙ የውጭ አድማጮች ፍሪ ጃዝን የሚመስል ነገር ሰሙበት፤ በ2006ም ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ቡድን ጋር አልበም አወጣ። ሽለላን ሲሰማ ላደገ ሰው ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ ግርግር የለም፤ ዘማች አለ፣ ወኔ አለ፣ የሚጠራ ስም አለ። አንዱ ዘንድ ትርምስ የሆነው ሌላው ዘንድ የታወቀ ቋንቋ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ያልተማሩት ድምፅም አያስደስትም፤ አለማስደሰቱ ግን አገሩ የለም ማለት አይደለም።

እንግዲህ አድማጭ ለሙዚቀኛው ያለበት ዕዳ መውደድ ሊሆን አይችልም፤ ፍቅር በግዴታ አይሰጥምና። ዕዳው ሁለት ነው፤ ከመኰነን በፊት ደግሞ መስማት፣ ከሰሙ በኋላም እውነቱን መናገር። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢከፈል ዕዳው አይወርድም፤ ሰምቶ የሚያስመስል ሐሰተኛ ነው፤ ሳይሰማ እውነት ተናገርሁ የሚልም ችኩል ዳኛ ነው። ይህም ሕግ ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በጎረቤት ቋንቋ፣ በባዕድ እምነት፣ በተቃዋሚ ድምፅ ላይ ሁሉ ጆሮ ለፍርድ በተቀመጠበት ይሠራል።